ጭቃ የጻፈው የዝናብ ታሪክ፦ ከጨንቻ ተራሮች እስከ ጨው ባሕር

በጨንቻ ከፍታዎች ላይ የሚጥለው ዝናብ በብዙ አቅጣጫ ይወርዳል። ከፊሉ በሐሬ ወንዝ አድርጎ የሙዝ ማሳዎችን እያጠጣ ወደ ዓባያ ሐይቅ ያመራል፤ ከፊሉ ደግሞ በኩልፎ ወንዝ በኩል አርባ ምንጭን ታክኮ ጫሞ ይገባል። ውኃው ግን ብቻውን አይጓዝም። ከገብስ ማሳው፣ ከእንሰት ጓሮው፣ ከከብት መሄጃው የተነሣ አፈር አብሮት ይወርዳል። ወንዙ ደፍርሶ ሲያልፍ አርሶ አደሩ የሚያየው የማሳው ለም አፈር ሲሄድ ነው። አፈሩ ሐይቅ ገብቶ ሲረጋ ግን ታሪክ ይሆናል። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች በሐይቅ ሥር የተኛውን ደለል ቆፍረው በማውጣት ዝናብ መቼ እንደበዛ፣ መቼ እንዳጠረ፣ ድርቁም ምን ያህል እንደቆየ ከእርሱ ያነብባሉ።

ይህ ሥራ ለጋሞ ዞን ነዋሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ እጅግ ረጅም ከሚባሉት የደለል መዛግብት አንዱ የተገኘው ከኮንሶ በስተደቡብ በሚገኘው በጨው ባሕር ነው። ከዚህ ተራራ ሥር ያሉት ሁለቱ ሐይቆች ዓባያና ጫሞም በዚያ መዝገብ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

«ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም» የሚለው አነጋገር ዛሬ በገበያም በዕድርም ይሰማል። በልግ ዘግይቶ ሲገባ፣ ገብሱ ሳያፈራ ዝናቡ ሲቋረጥ፣ ወይም ድንቹ ሊቆፈር ሲል ያለ ወቅቱ ሲያወርደው ሰው ሁሉ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ግን «ድሮ» የሚባለው መቼ ነው የሚል ነው። የአንድ አዛውንት ትዝታ ስድሳ ወይም ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በአካባቢው የሚገኙ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች በመሣሪያ እየለኩ የመዘገቡት ደግሞ ከጥቂት አሥርት ዓመታት አይበልጥም። ከዚያ በፊት የነበረውን ዝናብ ማንም አልለካውም። ለክቶ ያስቀመጠው ቢኖር ጭቃው ነው።

የአሠራሩ መነሻ ማንኛውም ጉድጓድ ቆፋሪ የሚያውቀው ነገር ነው። መሬት ሲቆፈር ከላይ ጥቁር አፈር ይገኛል፣ ከሥሩ ቀይ፣ ዝቅ ሲል ጠጠር ወይም ነጭ ሸክላ ይመጣል። ታችኛው ንብርብር ቀድሞ የተቀመጠ ነው፤ ላይኛው በኋላ መጣ። የሐይቅ ወለልም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ከማሳ ይልቅ ሥርዓት አለው። ማረሻ አይገለብጠውም፣ ጎርፍም ጠርጎ አይወስደውም። በየዓመቱ ወንዝ ያመጣው ደለል፣ ነፋስ ያነሣው አቧራ፣ በውኃው ውስጥ የኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪትና የዕፅዋት ብናኝ በጸጥታ እየወረደ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል።

ንጣፉ በጣም ቀጭን ነው። በጨው ባሕር 280 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ደለል የተጠራቀመው በ620,000 ዓመታት ውስጥ መሆኑ ታውቋል። ይህን ሲያካፍሉት ለአንድ ዓመት የሚደርሰው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ አርሶ አደር በጉልምስናው የሚያርሳቸው አርባ ዓመታት በዚህ ስሌት ከአንድ አውራ ጣት ውፍረት አያልፉም። አንድ ሜትር ጭቃ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይይዛል ማለት ነው።

ጨው ባሕር ዛሬ ስሙ እንጂ ውኃው ባሕር አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጨው ያዘለ፣ ጠፍጣፋና የተሰነጣጠቀ የጭቃ ሜዳ ነው። ከሰሜን የሚገቡት የወይጦና የሰገን ወንዞች ሲሞሉ ከፊሉ ውኃ ይይዛል፤ ኋላም ፀሐይ ትመጥጠዋለች። እ.ኤ.አ. በ1888 የኦስትሪያና ሃንጋሪው መኳንንት ካውንት ቴሌኪ ሲደርስበት ሐይቅ ሆኖ አግኝቶት በአገሩ ልዕልት ስም «ስቴፋኒ» ብሎት ነበር። ያ ስም በቆዩ ካርታዎች ላይ ይገኛል።

ተመራማሪዎች ይህን ደረቅ ሜዳ የመረጡት በምክንያት ነው። ጥልቅ ሐይቅ ዝናብ ቢቀንስበትም ቢጨምርበትም ቶሎ አይለወጥም፤ ብዙ ውኃ ስላለው ይችለዋል። ጨው ባሕር ግን መውጫ የሌለው ዝርግ ገንዳ ነው። ትንሽ ዝናብ ሲጨምር ይሰፋል፣ ትንሽ ሲጎድል ይደርቃል። እያንዳንዱ ለውጥም በጭቃው ላይ ምልክቱን ይተዋል። በአንድ በኩል ሞልቶ የማይጎድል እንስራ፣ በሌላ በኩል ጠብታ ሲጨመርበት ወዲያው የሚያሳይ ጠፍጣፋ ሳህን ቢቀመጥ፣ የዝናቡን ልክ የሚናገረው ሳህኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አጫጭር ናሙናዎች የተወሰዱት እ.ኤ.አ. በ2009 እና 2010 ነበር። ከእነዚህ አንዱ 19 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ሲሆን ያለፉትን 45,000 ዓመታት ታሪክ አስነብቧል። ውጤቱ ለትልቁ ቁፋሮ በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ፣ የሰው ዘር መገኛ ቦታዎችንና የጥንት ሐይቆችን በሚያጠናው ዓለም አቀፍ የቁፋሮ ፕሮጀክት አማካይነት፣ በጨው ባሕር ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ፕሮጀክቱ በኢትዮጵያና በኬንያ አምስት ቦታዎችን የመረጠ ሲሆን ሌላኛው የኢትዮጵያ ቦታ ሰሜን አዋሽ ነበር። በጨው ባሕሩ ጥናት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራት፣ ከጀርመን ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ሼቢትዝና ቬሬና ፎርስተር፣ ከፖትስዳም ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ትራውት፣ ከብሪታንያ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ላምብና ሌሎች በርካታ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል።

ሁለት ጉድጓድ መቆፈሩ ድግግሞሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። መሣሪያው ደለሉን በቱቦ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ሲያወጣ በየመገናኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይጠፋል። አንዱ ጉድጓድ ያጎደለውን ሌላው ይሞላል። የወጡት ቱቦዎች ታሽገው በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የሐይቅ ደለል ማከማቻ ተወሰዱ፤ በዚያም በቁመታቸው ለሁለት ተሰንጥቀው አንዱ ገጽ ለምርመራ፣ ሌላው ለመጪው ጊዜ ተቀመጠ።

ጭቃው የሚነበበው በብዙ ዓይነት ፊደል ነው። የጨው ባሕር ዋናው ፊደል ግን አርሶ አደሩ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ የሚያውቀው ንጥረ ነገር ነው፤ ፖታሲየም። ተመራማሪዎቹ የተሰነጠቀውን ደለል ራጅ በሚያነሣ መሣሪያ ሥር እያሳለፉ በሚሊ ሜትሮች ርቀት የፖታሲየሙን መጠን ለኩ። ዝናብ ሲጠፋ ሐይቁ ይሸሻል፣ በቀረው ውኃ ውስጥ ያለው ጨው ይበረታል። በዚህ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚቆዩት የሸክላ ቅንጣቶች ፖታሲየምን ወደ ውስጣቸው ስበው ይይዙታል። ዝናብ ሲበዛና ሐይቁ ሲጣፍጥ ይህ ሒደት ይቀንሳል። ስለዚህ በደለሉ ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ዘመኑ ደረቅ ነበር፣ ሲያንስ ዝናባማ ነበር ተብሎ ይነበባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል፤ ይህ ፖታሲየም የአፈርን ለምነት የሚያሳይ ሳይሆን የውኃውን ጨዋማነት የሚመሰክር ነው።

አንድ ምስክር ብቻውን አይታመንም። በመሆኑም ሌሎች ምልክቶች ይጨመራሉ። ዳያቶም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ የአልጌ ዓይነቶች ቅርፊታቸው እንደ መስተዋት ጠንካራ ስለሆነ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ አንዳንዱ የሚኖረው በጣፋጭ ውኃ፣ ሌላው በጨዋማ ስለሆነ ዝርያው የውኃውን ጠባይ ይናገራል። የቀንድ አውጣና የሌሎች የውኃ እንስሳት ቅርፊቶችም እንዲሁ። ብናኝ ዘር ደግሞ በተራራው ላይ ምን እንደበቀለ ይመሰክራል፤ ጥድና ዝግባ፣ ሣር፣ ወይስ የበረሃ ቁጥቋጦ። የከሰል ፍንጣሪ ከተገኘ እሳት ነበረ ማለት ነው።

የቀረው ዘመኑን ማወቅ ነው። ለቅርቡ ጊዜ በሕይወት የነበረ ነገር ሁሉ የሚይዘው ካርበን 14 ያገለግላል፤ እርሱ ግን ከ50,000 ዓመት ገደማ ወዲያ አይሄድም። ከዚያ ለራቀው ዘመን ሁለት መንገዶች ተጣምረዋል። አንደኛው የኳርትዝ አሸዋ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበትን ጊዜ በላቦራቶሪ መለካት ነው። ሁለተኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የበዛበት አገር በመሆኑ ይህ ለተመራማሪዎች ትልቅ ዕድል ሆኗል። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ በአንድ ጊዜ ሰፊ አገር ያለብሳል፤ የእያንዳንዱ ፍንዳታ አመድ ደግሞ የራሱ የኬሚካል መለያ አለው። ዛሬ የሻላ ሐይቅ ከተኛበት እሳተ ገሞራ ከ233,000 ዓመታት ገደማ በፊት የወጣ አመድ በኦሞ ሸለቆም በኮንሶም መገኘቱን እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የጥንት ሰው አጽም ዕድሜም ከዚህ እንደሚበልጥ የታወቀው በዚሁ አመድ ነው፤ አጽሙ ከአመዱ ሥር ነበርና።

ይህ ሁሉ ተደምሮ የጨው ባሕር መዝገብ 620,000 ዓመት ወደ ኋላ እንደሚሄድ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ጥናት መሠረት መዝገቡ ሦስት ትላልቅ ክፍሎች አሉት። ከ620,000 እስከ 275,000 ዓመታት በፊት የነበረው ጊዜ በአመዛኙ እርጥበታማና የተረጋጋ ነበር። ከዚያ እስከ 60,000 ዓመታት በፊት ድረስ መዋዠቁ በረታ። ከ60,000 እስከ 10,000 ዓመታት በፊት ደግሞ ድርቁም ማወዛወዙም ከሁሉ የከፋ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህ መዋዠቅ የሰውን ዘር እንዲበታተን፣ ብልሃት እንዲፈጥርና እንዲላመድ እንዳስገደደው ይከራከራሉ። ክርክሩ ለሥነ ሰብእ ባለሙያዎች ይቆይ፤ ለዛሬው አርሶ አደር የሚጠቅመው የመዝገቡ የላይኛው ጥቂት ሜትር ነው።

ከ15,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመታት በፊት የነበረው ጊዜ «የአፍሪካ እርጥበታማ ዘመን» ይባላል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ዘንግዋ ቀስ ብሎ ስለሚዋልል፣ በያንዳንዱ 20,000 ዓመት አካባቢ የሰሜኑ የምድር ክፍል በክረምት ወራት ከወትሮው የበለጠ የፀሐይ ሙቀት ያገኛል። ያን ጊዜ የዝናብ ነፋስ ይበረታል። ሰሃራ ሐይቅና ሣር ነበረው። በእኛም አገር ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተያይዘው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው ነበር። ከዚያ ቀድሞ በነበረው ድርቅ ጊዜ ጣና እንኳ ሳይቀር ደርቆ እንደነበር፣ ኋላም ከ15,000 ዓመታት በፊት ገደማ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ የራሱ ደለል አስረድቷል።

በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ የሆነው ግን ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ዓባያ ሞልቶ፣ ከአርባ ምንጭ ሥር ባለው ሜዳ በኩልፎ መስመር ወደ ጫሞ ፈሰሰ። ጫሞም ሞልቶ ትርፉን በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር ሰደደ። ጨው ባሕር ራሱ ሃምሳ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ሆኖ ወደ ቱርካና ተረፈ። ቱርካናም በበኩሉ ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስ ነበር። በዚያ ዘመን ጨንቻ ላይ የወረደ ዝናብ ሜዲትራኒያን ባሕር ሊደርስ ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለውጥ ለማምጣት ዝናቡ ምን ያህል መጨመር ነበረበት? ብዙ ሰው እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ብሎ ይገምታል። የሐይቆቹን የውኃ ገቢና ወጪ በሒሳብ ያሰሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ውጤት ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ጭማሪ በቂ እንደነበር አሳየ። ጨው ባሕርን እስከ አፉ የሞላው ከራሱ ሰማይ የወረደው ብቻ ሳይሆን ከዓባያና ከጫሞ የተረፈው ውኃ ነው። ሁለቱ ሐይቆች እስኪሞሉ ድረስ ታችኛው አያገኝም፤ ከሞሉ በኋላ ግን የሚጨመረው ዝናብ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። የላይኛው ጎረቤት ቦይ ሲሞላ ታችኛው ማሳ እንደሚጠጣ፣ ሲጎድል ደግሞ ቀድሞ የሚደርቀው ታችኛው እንደሆነ የመስኖ ተጠቃሚ ሁሉ ያውቀዋል። ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ ዝናቡ በሩብ ሲቀንስ ሐይቁ በሩብ አይቀንስም፣ ጨርሶ ይጠፋል። የዝናብ መጠን ላይ ትንሽ የሚመስል የመቶኛ ቁጥር በምድር ላይ ምን እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እርጥበታማው ዘመን ከ5,000 ዓመታት ገደማ በፊት አበቃ። እንዴት አበቃ የሚለው ነው የዚህ ምርምር እጅግ ጠቃሚው ክፍል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በማርቲን ትራውትና ባልደረቦቹ የታተመው ጥናት ከጨው ባሕር የተወሰዱትን የደለል ናሙናዎች በጥንቃቄ መርምሮ፣ ለውጡ እንደ በር አንድ ጊዜ የተዘጋ እንዳልነበረ ደርሶበታል። እንደሚጠፋ ኩራዝ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እርጥበታማው ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ቢያንስ 14 ደረቅ ጊዜያት ተፈራርቀዋል። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 80 ዓመት የቆየ ሲሆን በ160 ዓመት ገደማ ልዩነት ይመላለስ ነበር። ኋላ ድርቁ ሲያይል ደግሞ በመካከሉ እርጥብ ጊዜያት ብቅ ይሉ ነበር። በጭቃው ላይ እነዚህ ድርቆች ከአንድ እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ብቻ ናቸው።

ቁጥሮቹን ከሰው ዕድሜ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በቦረናና በአካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሳይሳኩ ቀርተው ከብት እንዳለቀ፣ ሕዝብም ለርዳታ እንደተዳረገ ይታወሳል። ያ ሁሉ ጉዳት የደረሰው ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በጭቃው ላይ የተመዘገበው አጭሩ ደረቅ ጊዜ 20 ዓመት ነው። በዚያ መካከል የተወለደ ልጅ አድጎ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ ደህና የሚባል የዝናብ ዘመን ላያይ ይችል ነበር። ረጅሙ 80 ዓመት የሆነው ደግሞ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይደርሳል፤ በዚያ ውስጥ የኖረ ሰው «ድሮ ዝናብ ነበር» የሚል አዛውንት እንኳ በአካባቢው አያገኝም።

ከዚህ ሌላ የሚከተል ጥያቄ አለ። በእንዲህ ያለው ብልጭ ድርግም ወቅት የኖረ ገበሬ፣ ድርቁ ሲመጣ የክፉ ዘመን መጀመሪያ መሆኑን፣ ዝናቡ ሲመለስም ለጊዜው ብቻ መሆኑን በምን ያውቅ ነበር? አያውቅም ነበር። የዛሬው ሰውም የጥቂት አሥርት ዓመታት መዝገብ ብቻ ይዞ ይህን ሊለይ አይችልም። ደለሉ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሥርዓት ከመገልበጡ በፊት የሚያሳየው የመንገዳገድ ምልክት ምን ዓይነት እንደሆነ ለይቶ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ይህን ምልክት በዛሬው የአየር ንብረት ውስጥ መፈለግ የሚቻልበትን መንገድ እያጠኑ ያሉትም ለዚህ ነው።

ቆላው ሲደርቅ ሰው የት ሄደ? ከጨው ባሕር መዝገብ ጎን ለጎን የቁፋሮ ቦታዎችን ያስተያዩ ጥናቶች፣ በደረቅ ዘመናት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከፍታዎች መጠለያ እንደነበሩ ይጠቁማሉ። ደጋው ደመናን ያቆማል፣ ምንጩ አይነጥፍም፣ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ በድንጋይ ክምር ሥር ተቀብሮ የተገኘው ሰው የኖረው ከ4,500 ዓመታት ገደማ በፊት ነው፤ እርጥበታማው ዘመን ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። በጋሞኛ በኩር ለማለት «ባይራ» ተብሎ የተጠራው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ከአፍሪካ ሙሉ የዘረመል መረጃው የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆኗል። በዘረመሉ ውስጥ ዛሬም በኢትዮጵያ ደገኞች የሚገኙ ከከፍታ አየር ጋር የመላመድ ምልክቶች ታይተዋል። የእርሱ ዘመን በጨው ባሕር ጭቃ ውስጥ ሲፈለግ በአማካይ ስሌት ከአንድ ሰው ቁመት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል።

በባይራ ዘመን ደጋው ሰው አልበዛበትም ነበር። ዛሬ የጨንቻና የዙሪያዋ ማሳዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈሉ እጅግ ጠብበዋል፤ ወጣቱም በሽመናና በቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። ቆላው ቢደርቅ ደጋው እንደ ጥንቱ ይቀበላል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ደጋው ራሱ ከሚቋቋምበት መሣሪያ ትልቁ እንሰት ነው፤ ለዓመታት መሬት ላይ ቆሞ አንድ ወቅት ዝናብ ቢያጥር የሚታገሥ፣ ቆጮውም በጉድጓድ ተቀብሮ የሚቆይ ተክል ነው። ለገበያ ሲባል የእንሰት ጓሮ በሌላ ሰብል ሲተካ፣ አፕልም ይሁን ሌላ፣ ገቢው ከፍ ይላል፤ የመጠባበቂያው ስንቅ ግን ይቀንሳል። ይህ ሒሳብ ለየቤቱ የሚተው ቢሆንም፣ የሦስት ወይም የአራት መጥፎ ወቅት ተከታታይነትን ሳያስገቡ ማስላት ተገቢ አይደለም።

የደለሉን አቅም ከልኩ በላይ ማግነንም አይገባም። በመጪው በልግ ዝናብ ይገባል አይገባም ለሚለው ጥያቄ ጭቃው መልስ የለውም፤ ያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሥራ ነው። የጥንቱ ለውጥ የመጣው በምድር ምሕዋር ሲሆን፣ የዛሬው ሙቀት መጨመር ደግሞ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ጭስ የተነሣ ነው፤ ፍጥነቱም ከጥንቱ ጋር አይነጻጸርም። አንዱ በሌላው ልክ ይደገማል ማለት አይቻልም። ደለሉ የሚሰጠው የዝናቡ ሥርዓት ምን ያህል ርቆ ሊወዛወዝ እንደሚችል የሚያሳይ ልክ ነው። ግድብ፣ የመስኖ ቦይ ወይም የከተማ ውኃ መስመር ሲነደፍ የመቶ ዓመት ድርቅ የሚባለው በሰላሳ ዓመት መዝገብ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሲሰላ፣ ከጭቃው ጋር ማስተያየት ግምቱን ያርመዋል። በአርባ ምንጭ ለአሥርት ዓመታት የውኃ መሐንዲሶችን ሲያሠለጥን የቆየ ተቋም ባለበት ዞን ይህ እውቀት ከመጽሔት ገጽ ወደ ንድፍ ሠንጠረዥ፣ ከዚያም በአማርኛና በጋሞኛ ወደ ቀበሌ የልማት ባለሙያ እጅ ቢደርስ ትልቅ ነገር ነው።

ዓባያና ጫሞ በራሳቸው ወለል ላይ የዛሬውን እየጻፉ ነው። ዓባያ ቀይ ቡናማ የሆነው በውኃው ውስጥ በተንሳፈፈው ቀጭን የሸክላ ደለል ምክንያት ነው፤ ከሰሜን ቢላቴ፣ ከምሥራቅ ጊዳቦና ገላና፣ ከምዕራብ እንደ ሐሬ ያሉት የጋሞ ወንዞች ይመግቡታል። ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ የረጋውን ደለል ደጋግሞ ያነሣዋል። የደለሉን ምንጭና መጠን የኢትዮጵያና የጀርመን ተመራማሪዎች ለዓመታት አጥንተዋል።

ለቅርቡ ጊዜ ዘመን መለያ የሚሆን አንድ ያልታሰበ ምልክትም አለ። ኃያላን መንግሥታት በአየር ላይ የኑክሌር ቦምብ ሲሞክሩ በነበረበት ወቅት ሲዚየም የተባለ ንጥረ ነገር በዓለም ሁሉ ላይ ረግፏል፤ መጠኑም እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ ከፍተኛ ነበር። የረጋ የሐይቅ ደለል ውስጥ ያ ንብርብር ከተገኘ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ጭቃ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ከተቆረቆረች፣ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫም ከጨንቻ ወደ እርሷ ከወረደ ወዲህ ከተራራው የሄደው አፈር በዚያ መስመር ሊለካ ይችላል ማለት ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ንብርብር ወፍራም በሆነበት ወንዝ አፍ፣ ወደ ላይኛው ተፋሰስ ተመልሶ የትኛው ተዳፋት እርከን እንዳጣ፣ የትኛው ሸንተረር ቀርከሃውና ዛፉ እንደተመነጠረ መመልከት ይቻላል። በተቃራኒው በአንድ ተፋሰስ የተሠራ እርከንና የተከለለ ተዳፋት አፈሩን ይዞ ከቆየ፣ በሐይቁ ወለል ላይ የሚነጠፈው የየዓመቱ ደለል እየሳሳ ይሄዳል።